የራሳችንን ግንድ እዚያው በሞተር መጋዝ ጣውላ ማድረግ፦ ያዋጣል ወይስ ድካም ነው?

ደብረብርሃኔ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ የአባቴ መሬት ላይ ያረጁ ዛፎች አሉ። አብዛኛው ነጭ ባሕር ዛፍ ነው። ጥቂት የፈረንጅ ጽድም አለ። የወፍራሞቹ ውፍረት 50 ሳንቲም ያልፋል። ነጋዴ ሲመጣ የሚጠራልን የማገዶ ዋጋ ነው። እንዲህ ያለ ግንድ ምድጃ ውስጥ ሲገባ አንጀቴ አልችል አለ።

ችግሩ መኪና እስከ ግንዱ አይደርስም፣ መሀል ላይ ገደል አለ። ስለዚህ ግንዱን ወደ መጋዝ ቤት ከምወስድ መጋዙን ወደ ግንዱ ልውሰድ ብዬ አሰብኩ። ሞተር መጋዝ ላይ የሚታሰር ፍሬም አይቻለሁ፣ አላስካ ሚል ይሉታል። አገር ውስጥ የሞከረ አለ? ምን ያህል ጉልበት ያለው ሞተር ይበቃል? ፍሬሙንስ በያጅ ይሠራዋል?

ለንግድ አይደለም። ለቤታችን ወለል፣ አንድ ትልቅ ጠረጴዛ፣ ከተረፈ ደግሞ የበር ሳንቃ።

ሰጋቱራ፦

እኔ እሠራበታለሁ። አጭሩ መልስ፦ መኪና የማይገባበት ቦታ ላይ ያዋጣል፣ መኪና የሚገባበት ቦታ ላይ አያዋጣም።

ምክንያቱን ላስረዳህ። የሞተር መጋዝ ሰንሰለት በአንድ ጊዜ 9 ሚሊሜትር ያህል እንጨት ይበላል። የመጋዝ ቤቱ የሪባን መጋዝ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው። 3 ሳንቲም ጣውላ የምታወጣ ከሆነ አራት ጣውላ ስታወጣ አንድ ሙሉ ጣውላ ሰጋቱራ ሆኖ መሬት ላይ ፈሰሰ ማለት ነው። ስለዚህ ቀጭን ጣውላ አታውጣ። 5 እና 6 ሳንቲም አድርገህ አውጣው፣ ከደረቀ በኋላ ከተማ ወስደህ ታሰነጥቀዋለህ። ለትከሻም የሚቀለው እሱ ነው። ገደሉን የሚሻገረው ጣውላ እንጂ ግንድ አይደለም።

ሞተር፦ ከ60 ሲሲ በታች አታስበው። ለ50 ሳንቲም ግንድ 90 ሲሲ አካባቢ ያለውን ፈልግ። ስቲል 661፣ ሁስቅቫርና 395 የሚባሉት እዚያው ክልል ውስጥ ናቸው። የማገዶ መቁረጫ ትንሽ ሞተር ለዚህ ሥራ ስትገዛ ፒስቶን ልታቃጥል ገንዘብ ከፈልክ ማለት ነው። ግንድ ሲቆረጥ ሞተሩ ለአፍታ ይጮሃል፣ ያርፋል። ስንጠቃ ላይ ግን ለደቂቃዎች ሙሉ ነዳጅ ተይዞ ነው የሚሠራው። ማረፊያ የለውም።

ከፍታውንም አትርሳ። አንተ ያለህበት ወደ 2,800 ሜትር ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። 90 ሲሲ ገዝተህ የምታገኘው የ70 ሲሲ ያህል ነው።

ደብረብርሃኔ፦

ይሄን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ካርቡራቶሩ ላይ ነው የሚስተካከለው?

ሰጋቱራ፦

አዎ፣ በከፊል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ሞተሩ ይጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ካርቡራቶሩ ላይ የቤንዚኑን መጠን የምትቆጣጠረውን የኤች (H) ብሎን ትንሽ ታጠብቃለህ። ግን እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ሞተር የሚገድለው። ድምፁ ቀጭንና ስል እስኪሆን ድረስ ያጠብቃል፣ ጉልበት ያገኘ ይመስለዋል፣ ከዚያ ስንጠቃ መሀል ፒስቶኑ ይነክሳል። ቤንዚን ዘይቱን ይዞ ነው የሚገባው፣ ስታሳንሰው ማለስለሻውንም ማቀዝቀዣውንም አሳነስክ። ለስንጠቃ ሁልጊዜ ትንሽ ወፈር ያለ ይሁን። ሙሉ ነዳጅ ይዘህ ያለ ሥራ ስታስጮኸው ድምፁ ትንሽ የሚንተባተብ፣ እንጨት ውስጥ ሲገባ የሚጠራ ከሆነ ልክ ነው። አዳዲሶቹ አንዳንዶቹ ራሳቸው ያስተካክላሉ፣ እነሱን መነካካት አያስፈልግም።

ድብልቁ ጥሩ የሁለት ምት ዘይት ካገኘህ 50 ለ1 ነው፣ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊሊትር። በዘይቱ ካልተማመንክ 25 ለ1 አድርገው። የተደባለቀ ቤንዚን አታሳድር ባልልህም ወር አታስቆጥረው።

ጋሽ ሳንቃ፦

ልጆች፣ እናንተ ብረት ስትበይዱ እኛ ግንዱን ጨርሰን ቡና እንጠጣ ነበር።

ድሮ በሁለት ሰው መጋዝ ነው የምንሰነጥቀው። ግንዱ ቆጥ ላይ ይወጣል። አንዱ ከላይ ቆሞ መስመሩን ይጠብቃል፣ ሌላው ታች ሆኖ ሰጋቱራ ይበላል። መስመሩ የሚመታው በክር ነው። የባትሪ ድንጋይ ውስጡን ጥቁሩን አውጥተን በውሃ በጥብጠን ክሩን እንነክርበታለን። ላይም ታችም ይመታል። የቱንቢው ክር ሁለቱን ጫፍ ካላገናኘ ሥራ አይጀመርም።

አሁን ያሉት ልጆች በሞተር መጋዝ በነጻ እጅ ይሰነጥቃሉ፣ ያለ ምንም ፍሬም። ዓይኑ የቀና ሰው ካገኘህ ቀጥ አድርጎ ያወጣልሃል። ለምን ብረት ታሠራለህ? ሰንጣቂ ቅጠር።

ወይራ እጀታ፦

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልስማማም። አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ የቤት ዕቃ ማምረቻ አለችኝ። በነጻ እጅ የተሰነጠቀ ጣውላ ሲመጣልኝ አንዱ ጫፍ 4 ሳንቲም፣ ሌላው 2.5 ነው። መሀሉ ሆድ አለው። መላጊያ ላይ ሳስተካክለው ከ4ቱ የሚተርፈኝ 2 ነው። ለጣሪያ ሞራሌ ምንም አይደል፣ ሚስማሩ አያይም። ለጠረጴዛ ግን ይጎዳል።

ሌላው ነገር የመጋዙ አቅጣጫ ነው። የነጻ እጅ ሰንጣቂዎች መጋዙን ወደ ግንዱ ርዝመት አጋድመው ስለሚያስኬዱ እንደ ፓስታ የረዘመ ፍቅፋቂ ይወጣል። ፍጥነት አለው፣ ግን የፒኞኑን (ሰንሰለቱን የሚያዞረውን ባለ ጥርስ ጎማ) ክዳን ይደፍነዋል። ፍሬም ላይ ሲታሰር መጋዙ ወደ ግንዱ ስፋት ነው የሚተኛው። የሚወጣው ደቃቅ ሰጋቱራ ነው፣ ፊቱም ልሙጥ ይሆናል።

ጋሽ ሳንቃ፦

ልጄ፣ ለጠረጴዛ ከሆነ እውነትሽን ነው። እኔ የማወራው ለቤት ሥራ ነው። ግን አንድ ነገር ልበል፣ ፍሬሙም ቢሆን የመጀመሪያው ፊት ጠማማ ከሆነ ጠማማ እያባዛ ነው የሚሄደው።

ሰጋቱራ፦

ጋሽ ሳንቃ ትልቁን ነገር ተናገሩ። ሁሉም ነገር ያለው የመጀመሪያዋ ስንጠቃ ላይ ነው። ፍሬሙ የሚንሸራተተው ከላይ ባለው ፊት ላይ ነው። ግንድ ደግሞ ፊት የለውም። ስለዚህ ለመጀመሪያዋ ብቻ ሐዲድ ትሠራለታለህ። ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም መሰላል ካለህ ጨረስክ። ከሌለህ ሁለት ቱቦላሬ ጎን ለጎን አድርገህ በየተወሰነ ርቀት አገናኝተህ አስበይድ። ግንዱ ላይ በቪስ ታስረዋለህ፣ በውሃ ልክ ሁለቱንም ጫፍ ታይና እኩል ታደርጋለህ። ቪሱ ወደ ውስጥ ስንት እንደገባ ለካ። ሰንሰለቱ ከነካው የሰንሰለቱን ጥርስ እርሳው።

ከዚያ በኋላ ሐዲዱ ይወርዳል። ፍሬሙ ባወጣኸው ፊት ላይ ይሄዳል፣ እያንዳንዱ ጣውላ ለሚቀጥለው ሐዲድ ይሆናል።

ፍሬሙን ጎበዝ በያጅ ይሠራዋል። ምናለሽ ተራ ሄደህ ቱቦላሬና ጠንካራ ብሎን ትሰበስባለህ። ሥራው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን መሪ ብረት በሁለቱም ጫፍ ጨብጦ መያዝ፣ ከላይኛው መንሸራተቻ ያለውን ርቀት ማስተካከል። ሲጨብጥ የመሪ ብረቱን አፍንጫ ላይ ያለችውን ዞሪ ጥርስ እንዳይጫናት። ፍሬሙ ከመሪ ብረቱ ርዝመት 10 እስከ 15 ሳንቲም ይወስዳል፣ ስለዚህ ለ50 ሳንቲም ግንድ 75 ሳንቲም መሪ ብረት ያስፈልግሃል።

ሜሪላንዱ አናጺ፦

ከአሜሪካ ልጨምር። እኛ ጋ ዛፍ ቆራጮች ከሰው ግቢ ያወረዱትን ግንድ ለመጣል ገንዘብ ይከፍላሉ፣ ስለዚህ ብትለምናቸው ደስ ብሏቸው ግቢህ ያራግፉታል። እኔ የምሰነጥቀው በአብዛኛው አሽ የሚባል ዛፍ ነው። በ2002 ዲትሮይት አካባቢ የተገኘ አረንጓዴ ጥንዚዛ ዛፉን በየግዛቱ እየፈጀው ስለሆነ ግንዱ በሽ ነው። የከተማ ዛፍ ክፋቱ ሚስማር ነው። ማስታወቂያ የተለጠፈበት፣ የልብስ ገመድ የታሰረበት፣ ሁሉም ውስጡ ተውጦ ይቀራል። የገጠር ዛፍም ቢሆን አጥር የነበረበትን እዩት።

አሁን ስለ ሰንሰለት። ሱቅ የሚሸጠው ሰንሰለት ግንድን አቋርጦ ለመቁረጥ ነው የተሞረደው፣ ጥርሱ 30 ዲግሪ ገደማ ያጋደለ ነው። ለስንጠቃ 10 ዲግሪ ይመረጣል። ልዩ ሰንሰለት ካላገኘህ ያለህን በሞረድክ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እያቀናህ አምጣው። በአንዴ 10 ለማድረስ አትቸኩል፣ ብረቱን ታባክናለህ።

ሞረዱ ክብ ነው። ፒቹ (የማያያዣዎቹ መራራቅ ልክ) ሦስት ስምንተኛ ኢንች ለሆነ ሰንሰለት 5.2 ወይም 5.5 ሚሊሜትር፣ ለዜሮ ነጥብ 325 ደግሞ 4.8። ከጥርሱ ፊት ያለችው አጭር ጉብታ ከጥርሱ ጫፍ 0.65 ሚሊሜትር ዝቅ ትበል። እሷ ከፍ ካለች ጥርስህ ምላጭ ቢሆንም እንጨት አይነካም። እኔ ነዳጅ በሞላሁ ቁጥር እሞርዳለሁ። ከተለመደው ሰጋቱራ የላመ ዱቄት መውጣት ሲጀምር፣ ወይም መጋዙን መግፋት ሲያስፈልግህ፣ ጥርሱ ሞቷል።

ሰው ከውጭ ሲመጣ ሰንሰለት ላስልክ የምትል ከሆነ ሦስት ነገር ጽፈህ ላክለት፦ የሰንሰለቱ ፒች፣ የመሪ ብረቱ ቦይ ስፋት (1.3፣ 1.5 ወይም 1.6 ሚሊሜትር)፣ የውስጥ ጥርሶቹ ብዛት። ብዙ ጊዜ መሪ ብረቱ ላይ ተቀርጾ ታገኘዋለህ። ሞተሩን ግን በሻንጣ አስመጣለሁ ብለህ አታስብ። ቤንዚን የነካው ሞተር ከሸተታቸው አየር ማረፊያ ላይ ያስቀሩታል።

ደብረብርሃኔ፦

ኧረ ተባረኩ። ለሰንሰለቱ የምንጠቀመው ዘይትስ? ሰፈር ያሉት የተቃጠለ የመኪና ዘይት ነው የሚያደርጉት።

ሰጋቱራ፦

ሁሉም ያደርጋል፣ ያው ርካሽ ነው። ግን ውስጡ የተፈጨ ብረት አለ፣ የዘይት ፓምፑን ይበላል። ለቆዳም መርዝ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሱሪህ ላይ ይረጫል። አዲስ ወፍራም የሞተር ዘይት ይሻላል። ሜዳ ላይ ካለቀብህ የምግብ ዘይትም ይሠራል፣ ግን ማታ ሰንሰለቱን ሳታጥብ ብታሳድረው ይጣበቃል።

የደን ልጅ፦

እስካሁን ሁላችሁም ስለ መጋዝ አወራችሁ። ዛፉን የጠየቀው የለም።

ነጭ ባሕር ዛፍ እንደሌላው እንጨት አይደለም። ግንዱ ቆሞ ሳለ ውጩ ወደ ርዝመቱ ተወጥሮ ነው ያለው፣ ልቡ ደግሞ ተጨምቆ። ስትቆርጠው ውጥረቱ መውጫ ያገኛል፣ ጫፉ እንደ ኮከብ ይሰነጠቃል። አንዳንዴ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ታያለህ። ስትሰነጥቀው ጣውላው እዚያው መጋዙ ላይ እያለ ጫፎቹ ወደ ልጡ በኩል ይታጠፋሉ። ሰዎች ሰንጣቂውን ይሳደባሉ፣ ጥፋቱ ግን የሰንጣቂው አይደለም።

ማድረግ የሚቻለው ይሄ ነው። አንደኛ፣ ዛፉን ጥለህ ሳምንት አታቆየው። የጣልከውን ቶሎ ሰንጥቅ። ሁለተኛ፣ ከሚያስፈልግህ ርዝመት በሁለቱም በኩል 20፣ 30 ሳንቲም ጨምረህ ቁረጥ፣ ጫፉ መሄዱ አይቀርም። ሦስተኛ፣ ከአንድ ወገን ብቻ እየገፈፍክ አትሂድ። ከላይ አንድ ወይም ሁለት ጣውላ ካወጣህ ግንዱን ገልብጠህ ከተቃራኒው ወገን ታወጣለህ፣ ውጥረቱ በሁለት በኩል እኩል እንዲለቅ። አራተኛ፣ ልቡን ለጠረጴዛ አትመኘው። መሀሉን 10 በ10 ሞራሌ አድርገህ አስቀረው፣ ለምሰሶ ይሆናል።

የፈረንጅ ጽዱ ሌላ ታሪክ ነው። ቀላል፣ ገር፣ በደንብ የሚደርቅ። ጉጡ ይበዛል እንጂ ለጀማሪ ከሱ የተሻለ የለም። እጅህን በሱ አፍታ። ጠረጴዛውንም ከሱ ሥራ፣ ባሕር ዛፉን ለወለልና ለምሰሶ አድርገው።

እና የፈረንጅ ጽድ መሆኑን እርግጠኛ ሁን። የአገሩ ጽድ ሌላ ነው። በ1986ቱ የደን አዋጅ ጽድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ኮሶ በስም ተጠርተው ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ተከልክለው ነበር። ከዚያ ወዲህ አዋጁ ሁለት ጊዜ ተተክቷል፣ የመጨረሻው የ2010 ነው። የራስህን ባሕር ዛፍ መቁረጥህ ባያስጠይቅም ጣውላውን መኪና ላይ ጭነህ ስትሄድ ኬላ ላይ ወረቀት ይጠየቃል። ከመቁረጥህ በፊት ወረዳው ጽሕፈት ቤት ጎራ በል።

ዋንዛ ወዳጅ፦

ስለ ዋንዛ ካነሳችሁ አይቀር፣ እኛ ግቢ ውስጥ ነፋስ የጣለው አንድ ወፍራም ዋንዛ አለ። ራሱ ነው የወደቀው። ይሄም ፈቃድ ይጠይቃል?

የደን ልጅ፦

ጠይቅ። ራሱ መውደቁን ያየ ሰው ከጽሕፈት ቤቱ ይምጣልህ፣ ሥሩ ተነቅሎ መሬት ላይ እያለ። ሰንጥቀህ ከጨረስክ በኋላ ነፋስ ነው የጣለው ብትል ማን ያምንሃል?

ወይራ እጀታ፦

ዋንዛ ወዳጅ፣ ፈቃዱን ካገኘህ በ3 ሳንቲም እንዳታስቆርጠው። 6 አድርገው። ቀለሙ ያምራል፣ መላጊያም አያስቸግርም። የዋንዛ ሰሌዳ የሚጠብቁ ደንበኞች አሉኝ 😊

ሜሪላንዱ አናጺ፦

ደኅንነት ያነሳ ስለሌለ እኔ ላንሳ። ፍሬም ላይ የታሰረ መጋዝ ወደ ሠራተኛው ተመልሶ የመወርወር ዕድሉ ያንሳል፣ እሱ እውነት ነው። ግን ፊትህ ከማርሚታው አጠገብ ነው የሚውለው። ነፋሱን ከኋላህ አድርግ፣ ጭሱን አትማግ። የጆሮ መከላከያ ግዴታ ነው፣ ድምፁ ከ100 ዴሲቤል በላይ ነው። መነጽር፣ ጓንት፣ የብረት አፍንጫ ያለው ጫማ። ሰንሰለት የሚያስቆመው ሱሪ ከተገኘ ይገዛ፣ ውስጡ ያለው ክር ፒኞኑ ላይ ተጠምጥሞ ነው ሞተሩን የሚያቆመው።

መጋዙ ባለፈበት ክፍተት በየጥቂቱ ሽብልቅ አስገባ። ያለዚያ ጣውላው ይወርድና ሰንሰለቱን ይጨብጠዋል። የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ሽብልቅ እንጂ ብረት አይሁን።

ቁልቁለት ላይ ከሆንክ ግንዱን በሁለቱም ጎን በደንብ አስደግፈው። ጫፉን ግን ትንሽ ወደ ታች አዘንብለው፣ መጋዙ በራሱ ክብደት ይወርድልሃል። ወገብህ ያመሰግንሃል።

ጋሽ ሳንቃ፦

እጅ መደንዘዙን ረሳኸው። ሞተር መጋዝ ይዞ ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ጠዋት ጠዋት ጣቱ ነጭ ይሆናል፣ ስኒ አይዝለትም። እኔ የማውቃቸው አሉ። ከነዳጅ ነዳጅ እረፉ።

ደብረብርሃኔ፦

እሺ ጋሼ። አሁን የቀረኝ ማድረቁ ነው። ደጅ ከምሬው ዝናብ እንዳይነካው ላስቲክ ላልብሰው?

ወይራ እጀታ፦

ላስቲክ እንዳታለብሰው! ሻጋታ ነው የምታመርተው። ከላይ ቆርቆሮ፣ ጎኑ ክፍት።

አደራደሩን ልንገርህ። መሬቱ ላይ ብሎኬት፣ በላዩ ቀጥ ያለ ሞራሌ። ጣውላ፣ ከዚያ 2 ሳንቲም ተኩል የሆኑ ደረቅ መለያ እንጨቶች በየ40 ሳንቲሙ፣ ከዚያ ጣውላ። መለያዎቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ይሁኑ፣ አንዷ ከመስመር ከወጣች ጣውላው እዚያ ጋ ይጎብጣል። በመጨረሻ ድንጋይ ጫንበት፣ ብዙ ድንጋይ። ጫፎቹን በተሰነጠቀ ዕለት በወፍራም የዘይት ቀለም ቀባ። ውሃ ከጫፍ በኩል ከሁሉ ፈጥኖ ይወጣል፣ ስንጥቁን የሚያመጣው እሱ ነው። ለባሕር ዛፍ ጥላ የግድ ነው። የበጋው ነፋስና ፀሐይ በቀጥታ ካገኘው ይፈነዳል።

መቼ ደረቀ የሚባለው? መለኪያ መሣሪያ ከሌለህ ሚዛን ይበቃል። ከጣውላው መሀል (ከጫፍ አይደለም) ትንሽ ቁራጭ ውሰድ፣ መዝን። ከዚያ ኦቭን ውስጥ 100 ዲግሪ ትንሽ አለፍ አድርገህ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቀው። ለምሳሌ መጀመሪያ 520 ግራም፣ በኋላ 440 ከሆነ ልዩነቱ 80 ነው። 80 ሲካፈል ለ440፣ 18 በመቶ ውሃ አለው ማለት ነው። ለጠረጴዛ እኔ 12 አካባቢ ሳይደርስ አልነካውም። የ5 ሳንቲም ጣውላ ዓመት ቢያስጠብቅህ እንዳይገርምህ፣ ባሕር ዛፉ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል።

ደብረብርሃኔ፦

ዓመት! አባቴ ይሄን ሲሰሙ ማገዶ ነጋዴውን መልሰው እንዳይጠሩት እፈራለሁ 😂

በቃ፣ ከፈረንጅ ጽዱ እጀምራለሁ። ከሁለት ሰው ጋር ሞተር በጋራ ልንገዛ እየተነጋገርን ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ባሕር ዛፉ ሲከማች ነቀዝ ይገባዋል ይላሉ፣ ዱቄት የሚያረግፈው። ምን ይደረጋል?

የደን ልጅ፦

የሚበላው ከልጡ ሥር ያለውን ፈዛዛውን ክፍል ነው፣ እዚያ ስታርች አለ። የውስጡን ጠቆር ያለውን አይፈልገውም። ስለዚህ ልጡን ሙሉ በሙሉ ላጠው፣ ፈዛዛውን ጠርዝ ለወለል አታስገባ። ቦራክስና ቦሪክ አሲድ በሙቅ ውሃ በጥብጠህ ጣውላው ገና እርጥብ ሳለ በብሩሽ ቀባው፣ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ከደረቀ በኋላ ብትቀባው ከላይ ብቻ ይቀራል። ዝናብ ስለሚያጥበው ግን ለውጭ በር አትመካበት። መሬት የነካው ብሎኬት ላይ ደግሞ ምስጥ መውጣት አለመውጣቱን በየጊዜው እይ።

ጋሽ ሳንቃ፦

ሞተር በጋራ ከምትገዙ ሞረድና ሰንሰለት ለየብቻ ያዙ። ሞተር አያጣላም፣ ጥርስ ያጣላል።

ሰጋቱራ፦

😂😂 እውነት ነው። ደብረብርሃኔ፣ የምትገዙትን ሞተር ሞዴል ስታውቅ እዚህ ጻፈው። ለፍሬሙ የሚሆነውን የብሎን ቀዳዳ ልክ እልክልሃለሁ፣ በያጁ ጋ ይዘህ እንድትሄድ።